እኛ እንዲህ አላደግንም

«እኛ እንዲህ አላደግንም» ትላለች እናቴ። አንድ ሰሞን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለው ልቆጥር ተነሥቼ ሰባት ላይ ስደርስ ተውኩት። የመጀመሪያው የሚመጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ግድም፣ የሰባት ዓመቷ ሚጡና የአራት ዓመቱ ማሙሽ በአንዲት ሰማያዊ ኩባያ ሲጣሉ ነው። ኩባያዋ ጠርዟ የተላጠ አሮጌ የቆርቆሮ ኩባያ ናት። አጠገቧ ቢጫም ቀይም ተቀምጧል። የሚፈለገው ግን ሰማያዊው ብቻ ነው፤ የሚፈለግበትም ምክንያት ሌላኛው ስለያዘው እንጂ ሌላ አይደለም። ሻዩ ይደፋል፣ አንደኛው ይነከሳል፣ ሁለቱም እኩል ይጮኻሉ። ቀጥሎ የማሙሽ አንድ እግር ጫማ ይጠፋል። በቀደም ዕለት ከውኃው በርሜል ውስጥ አወጣነው። «መርከብ ነው» አለኝ ማሙሽ፣ ምንም ሳያፍር። ሚጡ ደግሞ መርከቡን ያሰጠመው እርሱ መሆኑን፣ እርሷ ካፒቴን ብቻ እንደነበረች ልታስረዳኝ ስትጣደፍ ከታች ሰርቪሱ ክላክሱን ይነፋል፤ ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ጋሼም በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን፣ ማለትም የእኛን ወለል፣ ይደበድባሉ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ከመኝታ ቤት ብቅ ትላለች። የምትለውን አንባቢ ያውቀዋል።

እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። ሰው ስለ ትናንት አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር «ማስረጃው?» ማለት ሥራዬም አመሌም ሆኗል። እናቴን እንዲህ ብዬ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። ስለዚህ በዙሪያው መዞር ያዝኩ። እውነት የዱሮ ልጆች ዝምተኞች ነበሩ? ከነበሩስ ያ ዝምታ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቋንቋው ነው። ለጨዋ ልጅ ያሉን ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ጨዋ፣ ጭምት፣ ታዛዥ ብለን እናቆማለን። ለሌላው ዓይነት ግን ቅብጥብጥ፣ ቀልቃላ፣ ቀበጥ፣ ሞልቃቃ፣ ረባሽ፣ ሞገደኛ፣ አልቃሻ፣ ጋጠ ወጥ፣ ባለጌ እያልን እንቀጥላለን። ተረትና ምሳሌውም ከዚያው ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል»፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»፣ ሆድ ሲብስም «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው»። ረባሽ ልጅ ያልነበረው ሕዝብ ይህን ሁሉ ቃል ምን ሊያደርግበት ያበጃል? በረዶ የማያውቅ አገር ለበረዶ ዐሥር ስም አያወጣም።

ከቋንቋው ወደ መጻሕፍቱ ስንዞር ነገሩ ይከብዳል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን የንጉሡን ልጅነት ሲያወሱ አስተዋይነቱን፣ ትሕትናውን፣ ለትምህርት የነበረውን ትጋት ይነግሩናል። በዜና መዋዕል ውስጥ ኩባያ የሰበረ ንጉሥ የለም። ሁሉም ሲወለዱ ጀምሮ አርባ ዓመት የሞላቸው ይመስላሉ። ወንድማማቾች በቤተ መንግሥት ይጣሉ እንደነበር የምናውቀው በሌላ በኩል ነው፤ ነገሥታቱ ለጠቡ ካበጁት መፍትሔ። በመካከለኛው ዘመን ለዙፋን የሚያሰጉ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች አምባ ግሸን ላይ ይዘጋባቸው ነበር፤ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ላይ። ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ስንል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ተራራ ነው። እኔም ማሙሽን መኝታ ቤት፣ ሚጡን ሳሎን ለያይቼ ስዘጋ ቢያንስ ታሪካዊ መሠረት አለኝ ማለት ነው። የጎደለኝ አምባው ነው፤ የኛ በር በማንኪያ እጀታ ይከፈታል።

ሰው የገዛ ልጅነቱን ራሱ መጻፍ ሲጀምር፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ መጋረጃው ትንሽ ገለጥ ይላል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሕይወት ታሪካቸው እንደሚተርኩት ልጅ ሳሉ በራስ መኮንን ቤት ሆነው እስከ ዐድዋ ዘመቻ ደረሱ፤ ከዚያም ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተወሰዱ። ይህ በ1888 ዓ.ም. እና በተከታዩ ጊዜ የሆነ ነው። የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ፣ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ እናታቸውን በሕፃንነታቸው አጥተው ሐረር ላይ ከዘመዳቸው ከእምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። እነዚህን ታሪኮች ሳነብ ከልጆቹ ይልቅ ዓይኔ ያረፈው በዙሪያቸው ባሉት ሰዎች ላይ ነው። ልጅን የሚያሳድገው አባትና እናት ብቻ አልነበረም። አጎት አለ፣ መምህሩ አለ፣ ሞግዚት አለች፣ አሽከሩ አለ፣ የጌታው ቤት አለ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይረከባል። እንግዲህ ይህ የመኳንንቱ ቤት ነው።

በተራው ሰው ቤት እጁ የሚገኘው ከልጆቹ ከራሳቸው ነበር። እናቴ የተወለደችው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ፣ በ1945 ዓ.ም. ነው። እዚያ ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ግልገልና ጥጃ ይጠብቃል። ትንሽ ከፍ ሲል ከበግ ጋር ወጥቶ ማታ ይገባል። እንዲያ የዋለ ልጅ ማታ ቅብጥብጥ የሚልበት ጉልበት የለውም፤ ቢኖረውም ቅብጥብጡን የጨረሰው ገደል ላይ፣ ማንም ሳያየው ነው። ሴቷ ልጅ ደግሞ ኩበት ትለቅማለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ከሁሉም በላይ ታናሿን ታዝላለች። አንቀልባ ለእናት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ገጠር አልሄደም። አዋቂ ሲበላ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ ሲልኩት «ወዴት» አይልም። እናቴ ስለ አስተዳደጓ ስታወራ የምትቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳው ጋ።

የእኔ ልጅነት በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ቦታ ነበር። ቧንቧችን አንድ፣ ሽንት ቤታችን አንድ፣ ቴሌቪዥናችንም አንድ። ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ሥለን እንዘላለን፣ ብይ እንጫወታለን፣ ሱዚ እንዘላለን፣ ድብብቆሽ እስኪመሽ። ስናጠፋ በቅርብ የተገኘችው እትዬ ጆሯችንን ትቆነጥጣለች፤ ማታ እናታችን ስትሰማ አመስግና ትደግመናለች። የማልረሳው ግን ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት መሬት ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን የምንጠብቅበትን ሰዓት ነው። ተስፋዬ ሣህሉ የልጆች ዝግጅታቸውን የጀመሩት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ከ40 ዓመት በላይ ዘልቀውበታል። ያረፉት ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ተረት ይነግሩን ነበር፤ በእጃቸው ምትሃት ያሳዩን ነበር። እኔ ግን የሚታወሰኝ ድምፃቸው ነው። ስድስት አባወራ ባለበት ግቢ «ልጆች!» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሚመጣው ከቁጣ ጋር ነበር። ከሰላምታ ጋር ይመጣ የነበረው ከዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ያኔ ይህን በቃል ልናገረው አልችልም ነበር፤ ዝም ብዬ ወደ ስክሪኑ እጠጋ ነበር።

ግቢው ዛሬ የለም። እኛም እንደ ብዙ የከተማው ሰው ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። እናቴ፣ እኔ፣ ሁለት ልጆችና አንድ ኮሪደር። አባታቸው ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ በወር አንዴ ይመጣል። ኮሪደሩ ላይ ሚጡ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥላ ነበር፤ የብሎኩ ኮሚቴ አስጠረገን። ጋሼን አልወቅሳቸውም፤ ሰባ ዓመት የሠሩ እግሮች ከጣራ በላይ የሚሮጥ ፈረስ አይችሉም። ሆኖም ልጆቹ የሚሮጡት ሞገደኛ ስለሆኑ ብቻ እንዳልሆነ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሳልነግራቸው ይኸው ሁለት ዓመቴ። በመንዝ ኮረብታ ላይ የሚፈጀው ጉልበት እኛ ቤት በሶፋና በመስኮት መካከል ባለው አራት እርምጃ ላይ ነው የሚፈጀው።

አሁን ስለ ልምጩ ላንሣ። እናቴ «እንዲህ አላደግንም» ስትል ከቃሉ በስተኋላ ልምጩ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። የአገራችንን የቅጣት ዓይነት ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃም፤ ቁንጥጫው፣ ኩርኩሙ፣ አለንጋው፣ ጠጠር ላይ ማንበርከኩ፣ እጅግ ሲብስም የበርበሬ ጭስ። ልማዱ ዘመን አልፎ ከሕግ መጽሐፍም ገብቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወላጅን ጨምሮ የልጅ አሳዳሪ የሆነ ሰው ልጁን ለማነጽ እንደ ሁኔታው ቀላል የሰውነት ቅጣት ሊቀጣው እንደሚችል በግልጽ ይፈቅድ ነበር። ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነው፤ በዚህ አንቀጽ ግን የመንዝ አባትና የፓሪስ ፕሮፌሰር ያለ ብዙ ክርክር የተስማሙ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የተከተለውን ቀን በቀን ስናየው ይገርማል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው የወጡት ግንቦት 13። አንድ መንግሥት መሪው ጥለውት ሊሄዱ ሰባት ቀን ሲቀረው ልጆችን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ቃል ገባ ማለት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከሚፈጸም አካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ተደነገገ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን የ1952ቱን የሰውነት ቅጣት ፈቃድ አውጥቶ ጣለው፤ በምትኩ አሳዳሪው ለልጁ አስተዳደግ ተገቢውን የሥነ ሥርዓት እርምጃ ይወስዳል ብሎ ለሰውየው ኅሊና ተወው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአግባቡ የተፈጸመ የማረም መብትን ወንጀል አያደርገውም።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቤት ውስጥስ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ይላል፣ ተቋም ይላል፤ ቤት አይልም። እኔ 52 የሰው ልጆች በሚንጫጩበት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስቆም እጄን አንሥቼ አላውቅም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን በሩን ከዘጋሁ በኋላ ያለው ጉዳይ የእኔ ነው። «በዚያ ላይ ሌላ ጊዜ እንወያያለን» ብያት ደወል ተደወለ።

ሌላው ጊዜ የመጣው ባለፈው ጥር፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ወጥ እየሠራሁ ከሳሎን የሚጡን ጩኸት ሰማሁ። ስሮጥ ማሙሽ የመስኮቱን መስተዋት ከፍቶ ፍርግርጉ ላይ ወጥቷል፤ ፍርግርጉ በአንድ በኩል ብሎኑ የወለቀ ነው። ሚጡ ከኋላው በሁለት እጇ ሸሚዙን ይዛ ትጎትታለች። እኔ ያየሁት ግን የምትገፋው መስሎኝ ነው። ማሙሽን ነጥቄ መሬት ካስቀመጥኩ በኋላ ሚጡን በያዝኩት ማማሰያ ሁለት ጊዜ መታኋት። «ለራስሽ ብዬ ነው! ታላቅ አይደለሽም?» አልኳት። አላለቀሰችም። እጇን አየችው። ሸሚዙን አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ከሁለት ጣቶቿ ጥፍር ሥር ደም ቋጥሯል፤ ማሙሽም ያንን ጊዜ ሊነግረኝ ፈለገ፤ «ያዘችኝ» አለኝ፣ «ሚጡ ያዘችኝ»።

ማታ ይቅርታ ልጠይቃት ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አሻንጉሊቷን በማንኪያ ትመታለች። «ለራስሽ ብዬ ነው» ትላታለች፣ በእኔው ድምፅ፣ የእኔኑ ትንፋሽ እየወሰደች። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይቅርታዬን ያቀረብኩት በማግስቱ ነው፤ እርሱንም አደናቀፈኝ።

ያን ሌሊት እናቴም አልተኛችም። ከወጥ ቤት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ሳልጠይቃት ጀመረች።

«እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ አራት። የታኅሣሡ ግርግር የተሰማበት ዓመት ነው» አለችኝ። የጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተደረገው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ ዓመት የምትቆጥረው እንዲህ በወሬ ነው። ያ ወር በመንዝ ገብሱ ታጭዶ የተከመረበት ወቅት ነው። እናቷ ከጎረቤት እሳት እንድታመጣ ላከቻት። ወንድሟን እንዳዘለች ሄደች፤ ፍሙን በኩበት ይዛ ስትመለስ ከእኩዮቿ ጋር ተገናኘች። ጠጠር ይጫወቱ ነበር። ወንድሟን አወረደችው፤ ኩበቱን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። «ጥቂት ነው የተጫወትኩት። አንድ ዙር» አለችኝ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ለእኔ ስታስረዳ። ማሙሽዬው ኩበቱን አንሥቶ ወደ ክምሩ ሄደ። እሳት ምን እንደሚሠራ ማየት ፈልጎ ነበር።

የዓመቱ እህል እኩሌታው ተቃጠለ። አባቷ ወንድሟን አልነካውም፤ ሕፃን ነው፣ አያውቅም። ባና ውስጥ ጠቅልለው ወተት ሰጡት። እርሷን ከምሰሶው ጋር አስረው በልምጭ ገረፏት፤ በማግስቱ በበርበሬ አጠኗት። «ከዚያ ወዲያ ጨዋ ልጅ ወጣኝ» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያመሰግነኝ።» ወንድሟ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቄስ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ መሐል ሜዳ ተላከ፤ መሐንዲስ ሆነ። እርሷ ቀጣዩን ሕፃን አዘለች። ፊደል የቆጠረችው በ26 ዓመቷ፣ አዲስ አበባ መጥታ፣ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው።

ይህን ታሪክ አጎቴ በሠርግ በልደቱ ሲያወራው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በእርሱ አፍ የሚያስቅ ታሪክ ነው፤ አንድ ቀበጥ ሕፃን ክምር ስላቃጠለበት ቀን። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እናቴም ጥርሷን ታሳያለች። ሴት ልጅ በታሪኩ ውስጥ እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ከዜና መዋዕሉ የሚለየው በምንድን ነው?

ከዚያ ሌሊት በኋላ የዱሮውን ቤት ባሰብኩ ቁጥር የማያት ያቺን የስምንት ዓመት ልጅ ነው። የዱሮ ልጆች ዝም ይሉ ነበር ሲባል ጸጥታውን ጀርባው ላይ የተሸከመ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ታላቂቱ ሴት ልጅ ናት። ስፋቱና ዘመድ አዝማዱ ልጅን ያሳድግ ነበር የምንለው ሐሰት አይደለም። ያ ሁሉ እጅ ግን የማን እጅ እንደነበረ በስም አልተመዘገበም። እኔም ያለ ስፋቱ፣ ያለ ዘመዱ፣ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የቀረችልኝን አንዲት እጅ ይዤ ነበር፤ የሰባት ዓመት ልጅ እጅ፣ ደም የቋጠረ።

ፍርግርጉን ብየዳ ሠሪ መጥቶ አጠበቀው። ማማሰያው እዚያው ወጥ ቤት አለ፤ ለወጥ። እምላለሁ ብዬ አልጽፍም፤ የመጋቢት ፈተና ሳርም ምን እንደምመስል ራሴን አውቃለሁና። ሚጡን «ታላቅ አይደለሽም?» ማለት ግን ትቻለሁ። ለመተው ከማማሰያው ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እለው እንደነበር ያወቅሁት ምላሴ ላይ እየመጣ ስመልሰው ነው፤ ከእናቴ ሰባት ይበልጣል።

እናቴ አልተለወጠችም። በማግስቱም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰማያዊዋ ኩባያ ተነሣች፣ ሻዩ ተደፋ፣ ጋሼ ከታች መደብደብ ጀመሩ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ አለችና እንደ ወትሮዋ «እኛ እንዲህ አላደግንም» አለች። ሚጡ በእጇ የማሙሽን ፀጉር እንደጨበጠች ቀና አለች።

«እንዴት ነበር ያደጋችሁት እማማ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። ከታች ሰርቪሱ ክላክሱን ነፋ፤ የማሙሽ አንድ እግር ጫማም ገና አልተገኘም ነበር።